የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እናታችን ልጇ መሞቱን አታውቅም

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናታችን 71 ዓመቷ ነው፤ የልብ ሕመምተኛ ናት። ታላቅ ወንድማችን ለሥራ ከአገር እንደወጣ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ዶክተሯ “ድንጋጤ አይስማማትም” ስላለን አልነገርናትም።

መጀመሪያ ዝም አልን። “ለምን አይደውልም?” ስትል “ኔትወርክ የለም” አልናት። አርባውን አዴት አክስታችን ቤት ስናወጣ “ሰርግ ተጠርተን ነው” ብለናት ሄድን። ጥቁር ልብሴን ጎረቤት ቤት ቀይሬ ነው ወደ ቤት የምገባው። ባለፈው ወር ጭንቀቱ ሲብስባት፣ ታናሽ ወንድሜ ጓሮ ሆኖ በስልክ የሟቹን ድምፅ አስመስሎ “እማ፣ ደህና ነኝ” አላት። ድምፃቸው ይመሳሰላል። እናቴ አለቀሰች፤ እልል አለች። ለካ “ልጄ ከደወለ ለጊዮርጊስ ጥላ አገባለሁ” ብላ ተስላ ኖሯል። ጥላውን ገዝቼ ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የአጎቴ ልጅ “ለበጎ የተዋሸ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ ፈቅዷል” ይለኛል። እውነቱን ነው?

የእናቴ ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወንድምሽን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ማንበብ የጀመርኩት ጠዋት ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው። ጥላው ላይ ስደርስ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የጨረስኩት ማታ ነው።

ይህንኑ ያንቺን ጥያቄ የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ አንድ ሰው አንስቶት ነበር። ስሙ አውግስጢኖስ ነው። በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር፣ የሂፖ ከተማ ጳጳስ ነበር። ስለ ውሸት ብቻ ሁለት መጽሐፍ ጽፏል፤ አንዱን በ395፣ ሌላውን በ420 ዓ.ም. አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሁለተኛውን ያጻፈው አንድ የስፔን ጉዳይ ነው። እዚያ የፕሪሲሊያን ተከታዮች የሚባሉ፣ በመናፍቅነት የተወገዙ ሰዎች ነበሩ። እምነታችንን ለመደበቅ ብንዋሽ ኃጢአት የለውም ይላሉ ተብለው ይከሰሱ ነበር። ኮንሴንትየስ የተባለ ሰው “እኛም የእነሱ ወገን መስለን እንግባና እናጋልጣቸው” የሚል ሐሳብ አቀረበለት። አውግስጢኖስ አይሆንም አለ። ውሸታምን ለመያዝ ራሳችን ውሸታም ከሆንን፣ ሰውዬውን ወደ የትኛው እውነት ልንመልሰው ነው?

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ቀላል ነው። ግን እዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ላይ ቤታችሁ ይገባል። አንድ ሰው በጠና ታሞ ተኝቷል ይላል። አንድያ ልጁ ሞቷል። አባት አያውቅም። ሕመሙ መርዶውን አይችልለትም። አንቺን ይጠይቅሻል፦ “ልጄ ደህና ነው?” ምን ትያለሽ? “ደህና ነው” ብትዪ ውሸት ነው። “አላውቅም” ብትዪም ውሸት ነው። “ሞቷል” ብትዪ ትገድዪዋለሽ። ዝም ብትዪስ? ዝምታሽን አይቶ ይረዳል። እውነቱን ተናግረሽ አባትየው ቢሞት ደግሞ ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይልሻል።

ይህን ሰው የምወደው እዚህ ቦታ ላይ ነው። አይኮፈስም። እኔም ሰው ነኝ፣ ይህ ነገር አንጀቴን ይበላኛል ይላል፤ በጥበብ ይሁን በስሜት ብቻ ግን እርግጠኛ አይደለም። ከዚያ በኋላም መልሱን አልለወጠም። አትዋሹ ነው ያለው። ቃል የተሰጠን አንዳችን የሌላችንን ልብ እንድናውቅበት ነው፤ ለማታለያ ስናውለው የተሰጠበትን ነገር እናፈርሳለን ይላል። ሌላም ይጨምራል። ለዚህ በሽተኛ ከፈቀድን ነገሩ እዚያ አይቆምም፣ ትንሹ ውሸት ቀስ በቀስ ትልቁን ይወልዳል ይላል።

አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ ሰርግ፣ ከዚያ የሟች ድምፅ። አንዳችሁም “የወንድማችንን ድምፅ አስመስለን እናታችንን እናታልላለን” ብላችሁ አልተነሳችሁም። እያንዳንዱ እርምጃ ከበፊተኛው ትንሽ ብቻ ነው የሚርቀው።

ወደ አጎትሽ ልጅ ልምጣ። የተናገረው ከንቱ አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ ገና ወጣት ሳለ ባስልዮስ ከሚባል ወዳጁ ጋር ለክህነት ታጩ። ዮሐንስ ሐሳቡን ሸሸገበት። ባስልዮስ አብረን እንሾማለን ብሎ ሲሾም ዮሐንስ ሸሽቶ ተደበቀ። ወዳጁ እያለቀሰ መጣበት። ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ዮሐንስ ያን ማታለል ይከላከላል። ለበጎ ሲሆን ማታለል ተብሎ እንኳ ሊጠራ አይገባውም፤ ጥበብ ነው ይላል። ለምሳሌ የሚያመጣው ሐኪም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትኩሳት ይዞታል። የሚያድነውን መጠጥ እንቢ ይላል። የሚለምነው ወይን ጠጅ ነው፤ ወይን ደግሞ ይገድለዋል። ሐኪሙ ገና ከእሳት የወጣ የሸክላ ዋንጫ ያስመጣል። ወይን ጠጅ ውስጥ ይነክረዋል። ሸክላው ወይኑን ይጠጣል፣ ሽታው ይገባበታል። ከዚያ ወይኑን አፍስሶ ውኃ ይሞላበታል። በሽተኛው አይቶ እንዳይለይ ቤቱን በመጋረጃ ያጨልመዋል። ሰውዬው ወይን ወይን የሚሸተውን ዋንጫ ተቀብሎ ሳይመረምር ይጨልጠዋል። ዳነ።

ይህን ሳነብ ያ ትኩስ ሸክላ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። አሳማኝ ታሪክ ነው። ዮሐንስ ብቻውንም አይደለም። ከእሱ በፊት ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ሐኪም ለበሽተኛው እንደሚያደርገው ካልሆነ በቀር ጠቢብ አይዋሽም ብሎ ጽፏል። ዮሐንስ ካስያን የሚባል መነኩሴም በግብፅ በረሃ አባ ዮሴፍ ከተባሉ አረጋዊ የሰማውን አቆይቶልናል። ካስያንና ጓደኛው ቶሎ እንመለሳለን ብለው ቤተ ልሔም ቃል ገብተው ወጥተዋል፤ ግብፅ ሲደርሱ ከአረጋውያኑ መለየት አቃታቸው። ቃላችንን እናፍርስ ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ዮሴፍ ውሸትን በአንድ መርዛም ሥር መሰሉት። ሞት አፋፍ ላይ ያለ በሽተኛ ቢወስደው ያድነዋል። ጤነኛ ቢወስደው ይገድለዋል። እኛ አገር ቢሆኑ ኖሮ በኮሶ ይመስሉት ነበር ብዬ አስባለሁ። ኮሶን ያለ ምክንያት የሚጠጣ የለም። መጠኑን ያለፈም አይድንም።

ስለዚህ አባቶች በዚህ አልተስማሙም። ይህን ሳልደብቅ ልንገርሽ። “የቤተ ክርስቲያን አባቶች ውሸትን ፈቅደዋል” የሚልሽም፣ “ሁሉም ከልክለዋል” የሚልሽም ግማሹን ነው የያዘው።

እኔ ግን የሐኪሙን ዋንጫ ወደ እናትሽ አልጋ ሳመጣው አይገጥምልኝም። በሽተኛው የለመነው የሚገድለውን ነው። ሐኪሙ የሰጠው የሚያድነውን ነው። ትኩሳቱ ሲለቀው ነገሩን ቢነግሩት እጃቸውን ይስማል። እናትሽ የለመነችው ምንድን ነው? የልጇን ወሬ ነው። የሰጣችኋት ደግሞ መድኃኒት አይደለም፤ የሌለ ልጅ ነው። ትኩሳቱ የሚለቅበት ቀንስ መቼ ነው? ዋንጫው አንድ ቀን ነው የተጠጣው። የእናንተ ስልክ ግን በሚቀጥለው ወር እንደገና መደወል አለበት። ለፋሲካም መደወል አለበት።

የራሴን ልንገርሽ። እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። በ1979 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ እማር ነበር። አጎቴ “አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ደረስ በይ” ብሎ አስደወለልኝ። አውቶቡስ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። ገበያ ወርጄ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ፤ አባቴ ሲያመው ሌላ አይበላለትም ነበር። የዘጌ ጀልባ ላይ ስወጣ የማላውቀው ሰውዬ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። የሰፈራችን ሴት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወደ ሐይቁ ዞረች። “አባዬን አየሽው? ተሻለው?” አልኳት። “እግዜር ያውቃል” አለችኝ። እስከ ዘጌ ድረስ ብርቱካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የት ሐኪም ቤት እንደምወስደው አሰብኩ። ገንዘብ ከማን እንደምበደር ሁሉ ወስኜ ነበር። ስንደርስ ሰው ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አባቴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ፌስታሉን እንደያዝኩ ዳሱ ውስጥ ገባሁ።

አጎቴ ይወደኝ ነበር። ያን ሌሊት ደብረ ማርቆስ ብቻዬን ሆኜ ባውቀው ምን እንደምሆን አላውቅም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። “አሞታል” ስላለኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። “ነይ፣ እቤት እንፈልግሻለን” ቢለኝስ ኖሮ? ልቤ ይጠረጥር ነበር፤ ግን የሌለ በሽተኛ ይዤ አልሳፈርም ነበር።

እዚህ ላይ አውግስጢኖስ አንድ ነገር ያግዘናል። እውነትን መሸሸግና ውሸት መናገር አንድ አይደሉም ብሎ ለይቶ ጽፏል። አሁን የእኛን መርዶ አስቢው። አባቶቻችን መርዶን ይደብቃሉ። ግን እስከ መቼ? ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፣ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኝ እስኪቆም። ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል። መርዶ የሚደበቀው ሊነገር ነው። የናንተ ሦስት ወር ከዚህ ወጥቷል።

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። እናትሽ በእነዚህ ሦስት ወራት ለልጇ ነፍስ አልጸለየችም። አርባው ሲወጣ የወለደችው ብቻ አልነበረችም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ቆማ ስለ ደህንነቱ አመስግናለች። ይህን ሁሉ የወሰዳችሁባት በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ወስዳችሁባታል ግን።

ኃጢአት ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ የሚመስለኝን ከጠየቅሽ ግን ይነገራት። እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዶክተሯን አግኙ። “እንደብቅ?” ብላችሁ አትጠይቁት። “ልንነግራት ነው፤ ምን እናዘጋጅ?” በሉት። እስከዚያ ድረስ ሌላ ስልክ አይደወል። ስትጠይቅሽ “እማ፣ እኔም ስለ እሱ እያሰብኩ ነው” በያት፤ እውነት ነው። የንስሐ አባታችሁንና የጽዋ ማኅበሯን ሴቶች ቀን ቆርጣችሁ ጥሩ። አዴት ያለችው አክስታችሁ ከዋዜማው ትግባ። መድኃኒቷ አጠገቧ ይሁን፤ መኪና ደጅ ይቁም። ጠዋት፣ ቁርስ ቀምሳ፣ መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ ይሁን። አንቺ እጇን ያዢ። ጥቁር ልብስሽንም ከጎረቤት አምጪው።

የስልኩን ነገር በዚያው ቀን አታንሱት። ግን አትቅበሩት። ትንሽ ስትረጋጋ ታናሽ ወንድምሽ ራሱ ይንገራት። ልትቆጣው ትችላለች። ምናልባት ደግሞ ያንን ድምፅ እንደገና ልስማው ትለው ይሆናል። እኔም እናት ነኝ፤ እኔ ብሆን እለው ነበር።

ጥላው ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም፤ እዚያው ይኑር።

ጥያቄ

እትዬ፣ ፔዳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ማታ ማታ ይሠራል፤ ጠዋት ክፍል አይመጣም። አቴንዳንስ ላይ እኔ እፈርምለታለሁ። ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ “ረዓብም ዋሽታ ጸድቃለች” ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ

ጓደኛህ ትልቅ ክርክር ነው የነካው። ረዓብ በኢያሪኮ ሁለቱን የእስራኤል ሰላዮች ጣሪያዋ ላይ በተልባ እንጨት ሸሸገች። የንጉሡን መልእክተኞች “ወጥተው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም” አለቻቸው። ከዚያ የዕብራውያን መልእክት በእምነቷ፣ ያዕቆብ በሥራዋ አመሰገኗት። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተቆጠረች። ከእሷ በፊት የግብፅ አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ ፈርዖንን በሰበብ አታልለው ሕፃናቱን አተረፉ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው።

አባ ዮሴፍ፣ ከላይ ያነሳኋቸው፣ ረዓብን ለእሳቸው ወገን ይቆጥሯታል። አውግስጢኖስ ግን የተመሰገነችው እንግዶቹን በመቀበሏ ነው፣ ውሸቷ ግን አልተመሰገነም ይላል። ዕብራውያንንና ያዕቆብን ከፍተህ ብታይ እውነትም ሁለቱም መቀበሏን እንጂ ያለችውን አያነሱም።

ሁለት ታሪክ ደግሞ ልጨምርልህ። በግብፅ በረሃ አባ አጋቶን “አንደበቴ እንዳይዋሽ ምን ላድርግ?” ብለው አባ አሎንዮስን ጠየቁ። አሎንዮስ “ካልዋሸህ ብዙ ኃጢአት ልትሠራ ነው” አሏቸው። እንዴት ቢባሉ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው በአትህ ገብቶ ቢደበቅና ሹሙ መጥቶ “አይተኸዋል?” ቢልህ፣ ካልዋሸህ ለሞት አሳልፈህ ሰጠኸው አሉ። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተወው ነው ነገሩ። ሁለተኛው አውግስጢኖስ የጻፈው ነው። በትውልድ ከተማው በታጋስቴ ፊርሙስ የሚባል ጳጳስ ነበር፤ ስሙ ጽኑ ማለት ነው። አንድ የሚፈለግ ሰው ሸሸገ። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁት “አልዋሽም፣ አሳልፌም አልሰጥም” አለ። ገረፉት፣ አሠቃዩት። ቃሉን አልለወጠም። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት አቀረቡት፤ ጽናቱ አስደንቆት ለተደበቀው ሰው ምሕረት አስገኘለት።

እኔ ብሆን እንደ ፊርሙስ እችላለሁ ብዬ አልመጻደቅም። የሰው ነፍስ የሚፈልግ በር ላይ ቆሞ ቢጠይቀኝ አሎንዮስ እንዳሉት የማደርግ ይመስለኛል። ግን ሁሉንም አስተያያቸው። ረዓብ ያስያዘችው የራሷን አንገት ነው። አዋላጆቹም እንዲሁ። ፊርሙስ ጀርባውን ሰጠ። ሁሉም የሰው ነፍስ ለማትረፍ ነው። የናንተ ወረቀት ላይ የሰው ነፍስ የለችም፤ ያለው አስተማሪው የሚያምነው ፊርማ ነው።

ጓደኛህ ሠርቶ የሚማር ልጅ ነው፤ ያሳዝነኛል። ስለዚህ አብረኸው ሂድና አስተማሪውን አነጋግሩ፤ የማታ ሥራ እንዳለው ይንገረው፤ ሴክሽን መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ነገ ወረቀቱ ሲዞር ግን ስሙን ዝለለው። ይህንንም ዛሬ ማታ፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ ንገረው።